የበረኛው ፎቶ ጀርባ

የብስኩት ቆርቆሮው ክዳን ሲላቀቅ መጀመሪያ የወጣው የማስቲካ ሽታ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ተዘግቶበት አሁንም ይሸታል፤ እኔ ራሴ አላመንኩም። የእህቴ ልጅ ግን ለሽታው ግድ አልነበረውም። ውስጡ የነበሩትን የኳስ ተጫዋቾች ፎቶዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ስልኩን እያየ ያስረዳኝ ጀመር። ውጭ አገር፣ ድሮ ከማስቲካ ውስጥ ይወጣ የነበረ ፎቶ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ አለኝ። ጠርዙን፣ ማዕዘኑን፣ ፊቱንና ጀርባውን አይተው ቁጥር ይሰጡና በፕላስቲክ አሽገው ይመልሳሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ በውድ ይሸጣል። ለእያንዳንዱ ስለሚያስከፍሉ ሁሉም አይላክም፤ የሚገባውን መምረጥ አለብን።

«ምረጪ እንጂ አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው» አለኝ።

አውቃቸዋለሁ። ምን ያህል እንደማውቃቸው ቢያውቅ አጠገቤ ባልተቀመጠ።

አፌን ሳልከፍት እሱው ራሱ አንዷን አነሳ። ቢጫ ሹራብ የለበሰ በረኛ፣ አየር ላይ ተዘርግቶ ኳስ ሲይዝ። አንድ ማዕዘኗ እንኳ አልታጠፈም። «ይቺ ናት! እንከን የላትም እኮ!» ብሎ ጮኸ። ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ እንደ ሌባ ፊቴ ጋለ። እስቲ ልንገራችሁና ፍረዱብኝ።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ሰፈራችን ከጭነት መኪኖች ማቆሚያው ጀርባ ነው፤ ሁልጊዜ የናፍጣ ሽታ፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ አቧራ። ጎረቤታችን ከወሎ የመጣ ሹፌር ነበር፤ ከአሰብ ናዝሬት ተሳቢ ይነዳል። በተመለሰ ቁጥር ለአንድ ልጁ ማስቲካ ያመጣለታል፤ በየማስቲካው ውስጥ የኳስ ተጫዋች ፎቶ አለ። ልጁ እኩያዬ ነው። ማስቲካውን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያድልና ለራሱ ፎቶውን ብቻ ያስቀራል። ማስቲካ የሚያድል ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ያለ የዋህ ነበር።

ለፎቶዎቹ ደረጃ የሚያወጣልን ገበያው መግቢያ ላይ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የሁሩታ ሰው። ዓይኑ ላይ የሚሰካት ትንሽ አጉሊ መነጽር አለችው። እሷን ሰክቶ ፎቶውን ፊትና ጀርባ ያገላብጥና እንደ ጤፍ ይለየዋል፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ። የታጠፈ ሰርገኛ ነው። የተጻፈበትማ ጭራሽ አያየውም፤ «ይሄ ደብዳቤ ነው፣ ፖስታ ቤት ውሰዱት» ይላል። ፎቶው ማኛ የተባለለት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ግን ሰውየው ሥራ አለበትና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንድ ሰፈር ሦስት ፎቶ ብቻ ነው የሚያየው። «ኢጆሌ! እናንተ ልጆች፣ ከሦስት ካለፈ ሁላችሁንም ነው የማባርረው!» ይለናል።

እንግዲህ ሦስቱን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ማን ሾመሽ አትበሉኝ። የአስተማሪ ልጅ ነኝ፣ ማስመሪያና ላጲስ አለኝ፣ ምላሴም እሳት ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ጠርዙን በማስመሪያ እለካና «ይሄ ይሂድ፣ ይሄ ይቅር» እላለሁ። ያልኩት አይሻርም። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ እንደኔ አይፈራም ነበር።

ያን ሰሞን ሹፌሩ መሠረተ ትምህርት ገባ። መዳፉ በዘይት የጠቆረ ጎልማሳ፣ ልጁ ሊሆን በሚችል አስተማሪ ፊት፣ ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሀ ሁ ይላል። እኛ በመስኮት አጮልቀን እያየን እንስቅ ነበር። ልጁ ብቻ አይስቅም፤ ከአባቱ ጋር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

አንድ ዓርብ ልጁ እየሮጠ መጣ። አባቱ ጠዋት ገብቶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ተመልሶ ሄዷል። መዳፉን ሲከፍትልኝ በረኛው ነበር። ቀለሙ ዓይን ይወጋል። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ በእርሳስ ተጭኖ የተጻፈ፣ ትልልቅና የተንጋደደ ፊደል።

«አባዬ ነው የጻፈው! በራሱ እጅ! ነገ ትሂድ አይደል?»

ፈለግኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈለግኳት። እርሳስ በላጲስ እንደሚጠፋም አውቃለሁ፤ ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ውይ፣ ተበላሽታለች እኮ» አልኩት። «ሰዓት ሠሪው ይስቅብሃል። ፊደሉን አይቶ አባትህ ላይም ይስቃል።»

ፊቱ ጥቁር አለ። ስለራሱ ብናገር ግድ አይሰጠውም ነበር፤ አባቱን ስጠራ ግን አንገቱን ደፋ። «ማንም ሳያይብህ እኔ ጋ ትቀመጥ፣ በሷ ፈንታ ሁለት አጥቂ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሰጠኝ። ደግሞ አመሰገነኝ። የሰማይ ያለህ፣ አመሰገነኝ!

ቤት ገብቼ በላጲስ ፈተግኳት፤ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ ወረቀቱ እንዳይሻክር እየተጠነቀቅኩ። ፍርፋሪውን ከቀሚሴ ላይ አራገፍኩ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር እቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። በዚያ ምሽት እናቴ ስትጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። ፎቶዋ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነበረች።

በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ጋ ብቻዬን ሄድኩ። መነጽሩን ሰክቶ ብዙ ቆየ። «ማኛ! የማኛ ማኛ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጀርባዋ ላይ ምንም አላየም። እየሮጥኩ ስመለስ ነው የገባኝ፤ ለማንም ላወራው የማልችለው ማኛ ነው ያገኘሁት።

ወር አልሞላም። በአሰብ መንገድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሹፌሩ ከነተሳቢው ገደል ገባ የሚል ወሬ መጣ። እዚያው ተቀበረ። ናዝሬት የተመለሰ ጃኬት እንኳ አልነበረም። እነሱ ደጅ ድንኳን ተተከለ፤ እኔ ለቅሶ መድረስ ፈርቼ ራሴን አመመኝ አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ በራችን ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል።

«በረኛውን መልሺልኝ አላልኩሽም» አለኝ። «ያንቺ ነው። ጀርባዋን ብቻ ላያት። አባዬ የጻፈው ሌላ ነገር እቤት የለም። ወላሂ አይቼ እመልስልሻለሁ።»

ፎቶዋ ከጀርባዬ፣ መደርደሪያው ላይ ነበረች። አውጥቼ ምኑን ላሳየው? ባዶ ወረቀት?

«ጠፋችብኝ» አልኩት። «ነፋስ ወሰደብኝ።» እንባዬ መጣ። እሱ ግን ፎቶዋ ጠፍታብኝ የማለቅስ መሰለው።

«አይዞሽ» አለኝ። አባቱ የሞተበት ልጅ እኔን አይዞሽ አለኝ።

እናቱ ብዙ ሳትቆይ ወንድሟ ጋ፣ ቡልቡላ ይዛው ሄደች። አሁን እዚያ መንገድ ዳር ጎማ ይሸጣል ይላሉ። ወደ ሻሸመኔ ስሄድ ስንቴ አልፌበታለሁ። አንዴማ አውቶቡሳችን እዚያው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ፣ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ። ምን ብዬ ልውረድ?

ይሄን ሁሉ የእህቴ ልጅ አያውቅም። የስልኩን መብራት አብርቶ ፎቶዋን ከጎን ያያል።

«ኧረ አክስቴ፣ ጀርባዋ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ይሄ ደረጃዋን ይጥለዋል።» ጠጋ አለ። «ጽሑፍ ነው እንዴ? ለ... ል... ጄ...»

እጁን ያዝኩት። ላጲሱ እርሳሱን እንጂ የሰውየውን እጅ አልወሰደውም ለካ! እኔ ፊት ለፊት ብቻ እያየሁ፣ ጠፍቷል ብዬ አርባ ዓመት ዘግቼበታለሁ። ቀሪውን በቃሌ ጨረስኩለት፤ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

«ለልጄ። ይህን እኔው ራሴ ጻፍኩ።»

«ማን ነው የጻፈው?» አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አለ።

«ይቺ አትላክም» አልኩት። «የኔ አይደለችም። ነገ ቡልቡላ ታደርሰኛለህ።»

ሱቁ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም። ቢሰድበኝ ይገባኛል፣ ቢያባርረኝም ይገባኛል። ብቻ ከማባረሩ በፊት፣ መብራቱን ከጎን ማብራት እንዳለበት አሳየዋለሁ።