መርፌ የማይሰማው ጣት

መርፌው የቀኝ እጄን ትንሿን ጣት ሲበሳት አላወቅሁም። ያወቅሁት ነጩ መጋረጃ ላይ ደም ሳይ ነው። የስፌት መኪናውን አቁሜ የማን ደም ነው ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። በግቢው ከእኔ ሌላ የነበረችው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ደጅ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

ጊዜው ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ነው። አሶሳ ውስጥ ትናንት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ መምሪያ ይሆናል፤ መምሪያ ሲሆን ደግሞ መጋረጃ ይፈልጋል። እኔ ሰዓዳ በሰፈራው ጊዜ ከእናቴ ጋር ከወሎ መጥቼ መንደር ውስጥ ያደግሁ፣ ኋላም ወደ ከተማው ገብቼ በእግር በሚረገጥ የቤት ስፌት መኪና እናቴንና ራሴን የማስተዳድር ሴት ነኝ። እንደዚያ ያለ የሥራ ብዛት አይቼ አላውቅም ነበር። ጣቴን በብጣሽ ጨርቅ አስሬ ቀጠልኩ። አለማመሙን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ይህን የምጽፈው እኔን የያዘኝ በሽታ ለያዛችሁ ነው። ላጽናናችሁ አልመጣሁም። "አይዞሽ" የሚለው ቃል ለእኔ ስንት ጊዜ እንደተባለና ስንት ጊዜ ባዶ እጄን እንደተወኝ አውቃለሁ። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ከመርፌው በፊት ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶ ነበር። እናቴ አየችውና "ቋቁቻ ነው እቴ፣ ሎሚ እሺበት" አለችኝ። እኛ ዘንድ ቆዳ ላይ የነጣ ሁሉ ቋቁቻ ነው፤ ለቋቁቻ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ቢኖር መሳቂያ ይሆናል። ሎሚ አሸሁበት። ሎሚው የተጫረውን ጤነኛ ቆዳዬን ለበለበው፤ የነጣውን ግን ምንም አላለውም። ይህን ያስተዋልኩት በጣም ቆይቼ ነው። ቋቁቻ እንደማያደነዝዝ ያኔ ባውቅ ኖሮ የምጽፈው ታሪክ አጭር ይሆን ነበር።

ከዚያ የከሰል ካውያው መጣ። አንድ ቀን መጋረጃ እየተኮስኩ ሳለ እናቴ ከደጅ "ጨርቁ ነደደ!" ብላ ጮኸች። ጨርቁ ደህና ነበር። የሸተታት ጣቴ ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን። ከጥጥ ቀጭን ፈትል አወጣና "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ስነካሽ ቦታውን ጠቁሚኝ" አለኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። መጠበቁ ረዘመብኝና "ዶክተር፣ ጀመሩ እንዴ?" አልኩት።

ጨርሶ ነበር።

ክርኔን ከውስጥ በኩል ዳሰሰ። እዚያ የምታልፍ አልናር የምትባል ነርቭ አለች፤ የትንሿና የቀለበት ጣት ስሜትና ጉልበት የሷ ነው። የኔዋ አብጣ እንደ ገመድ በጣቱ ሥር ትንከባለል ነበር። ከጆሮዬ ጫፍ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ በሩን ዘጋና ተቀመጠ።

"ሥጋ ደዌ ነው። ይድናል።"

ሁለተኛውን ቃል አልሰማሁትም።

እቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ባደገችበት አገር ይህ በሽታ ያለበት ሰው ከመንደር ዳር ነው የሚኖረው፤ በሽታውም በአጥንት ይወርዳል ይባላል፣ ቤተሰቡን የሚያገባ አይገኝም። ሐኪሙ እሷም ትታይ እንዳለ ስነግራት "እኔን? የኔ አጥንት ንጹሕ ነው!" ብላ ተነሣች። በዚያው ዕለት ውኃ የምጠጣበት ኩባያ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮት ላይ ተቀመጠ። አልሰደበችኝም፣ አላባረረችኝም። ኩባያውን ብቻ ለየችው። አንገቴን ደፍቼ በዚያው ጠጣሁ።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን። ሪፋምፒሲን የተዋጠበት ቀን ሽንት ይቀላል፤ አትደንግጡ። ክሎፋዚሚን ቆዳ ያጠቁራል። የኔ ፊት ከጎረቤት ጥያቄ እስኪያመጣ ጠቆረ። "ፀሐይ ነው" አልኩ። የአሶሳ ፀሐይ ብዙ ይሸከማል።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ይሻለኛል ስል ባሰብኝ። የነጣው ቦታ ቀልቶ አበጠ። ክርኔ ሌሊትና ቀን ጠዘጠዘኝ። ከዚያ ሁለቱ ጣቶች መታጠፍ ጀመሩ። ዘርጉ እላቸዋለሁ፤ አይዘረጉም።

ዶክተሩ "ሪአክሽን ነው" አለኝ። ሰውነት ከሞተው ተሕዋስ ጋር ሲጣላ ነርቭ መሐል ይገባል ማለት ነው። ቁራጭ ወረቀት በትንሿና በቀለበት ጣቴ መካከል አስገባ።

"አጥብቀሽ ያዢው።"

ያዝኩ።

ሳበው። ወጣ።

"ያዢው እንጂ" አለኝ።

"ይዤዋለሁ" አልኩት። ባለኝ ኃይል ይዤው ነበር።

ሳይደብቅ ነገረኝ። "ፕሬድኒሶሎን እሰጥሻለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ነርቩ ከተመለሰ እጅሽ ይዘረጋል። ካልተመለሰ እንደታጠፈ ይቀራል። ዋናውን መድኃኒት ግን አንድ ቀን እንዳታቋርጪ።" እጄ በጂፕሰም ታሰረ። ስፌት ተከለከለ።

መኪናዬን አንሶላ አለበስኳት። ፕሬድኒሶሎን ፊቴን ነፋው፣ አስራበኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ። መጋረጃ ያዘዙኝ መምሪያዎች ሌላ ሰፊ አገኙ። ሰውነቴ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደኝ። ተቀምጬ ደከመኝ። ተኝቼም ደከመኝ። አለመሞቴን ያህል አለመዳኔም የታወቀ መሰለኝ።

አሻ የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው። አሻ የበርታ ሴት ናት፤ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፣ ሱዳን በኩል ኖራ የተማረችውን ጥጥ የገባበት ያጌጠ አልጋ ልብስ ትሰፋለች። ከሩቅ አገር ተሹመው የመጡት ባለሥልጣናት ሚስቶች ሥራዋን ወደውት ትዕዛዝ በዝቶባታል፤ የራሷ መኪና ደግሞ ተሰብሮባታል። የኔን እዚሁ ቤቴ ተቀምጣ ልትሠራበት ለመጠየቅ ነበር አመጣጧ። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁላችንም ለሷ "አንተ" ነን።

እጄን ከነጠላዬ ሥር ማስገባቴን አየች። "አንተ እጅ ለምን ደበቀ?" አለችኝ።

ሰልችቶኝ ስለነበር እውነቱን ነገርኳት። ትሂድ ብዬ ነው የነገርኳት።

"ጁዛም?" አለች። በዓረብኛ ስሙ ነው።

"አዎ።"

"ዳዋ አለ?"

"መድኃኒት አለው።"

"ትበላለህ?"

"እበላለሁ።"

"ኸላስ፣ በቃ። ና፣ የጨርቅ ጫፍ ያዝልኝ።"

ይኸው ነው። አለቀሰች፣ አቀፈችኝ የሚል ታሪክ የለኝም። በግራ እጄ የጨርቁን ጫፍ ያዝኩላት።

አሻ ስትሰፋ ማየት ጀመርኩ። ከታች አቡጀዲ ታነጥፋለች፣ በላዩ ከቡለን ገበያ የመጣ የተነደፈ ጥጥ ትበትናለች፣ ከላይ ደግሞ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ በኩል የሚገባውን የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ታለብሳለች። ሦስቱን ድርብ በትልልቅ ስፌት ታያይዝና በሳሙና ስባሪ ንድፉን ትነድፋለች። ከዚያ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናውን እግር ትፈታለች፣ ጨርቅ የሚስበውን ጥርስ ደግሞ በቆርቆሮ ቁራጭ ትሸፍናለች። እግርና ጥርስ የሌለው መኪና ጨርቅ አይነዳም፤ መርፌውን ወደ ላይ ወደ ታች ከማድረግ በቀር ሥራ የለውም። ጨርቁን የሚነዳው እጅ ነው። አሻ ሁለት መዳፏን ጨርቁ ላይ ዘርግታ፣ ጣቶቿን ገትራ፣ ሳትቆነጥጥ ሳትጨብጥ እየገፋች ታዞረዋለች፤ ከመርፌው ሥር የቀርከሃ ቅጠል ይወጣል።

ጂፕሰሙ ሲፈታልኝ ዶክተሩ ያዘዘኝ ልምምድ መዳፌን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጣቶቼን እየገፋሁ እንዳንሸራትት ነበር። ሲያሳየኝ ሳቄ መጣ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ መሆኑ ነው። የአሻን ሥራ ነገርኩት። አሰበና "ድካም ሲሰማሽ ታቆሚያለሽ። ጣትሽ መርፌው አጠገብ አይደርስም። ከእንግዲህ የምትሰፊው በዳሰሳ ሳይሆን በዓይንሽ ነው" አለኝ። ይህን ምክር አሁንም በየቀኑ ለራሴ እደግመዋለሁ።

አሻ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አውጥታ በመርፌው ዙሪያ ቀለበት አድርጋ አሰረችልኝ፤ ጣቴ ቢረሳ ሽቦው ያስቆመዋል። እኔም ተማሪ ሆንኩ። ሰፊ ነኝ ብዬ ስኮራ የኖርኩት ሁሉ እንቅፋት ሆነብኝ። የመጀመሪያውን አልጋ ልብስ ልክ ቀሚስ እንደምዘመዝም ከጠርዝ ጀመርኩት። ዙሪያውን አስጌጬ ወደ መሐል ስደርስ የገፋሁት ጥጥ ሁሉ መሐሉ ላይ ተከማችቶ እንደ ኮርቻ ጉብ አለ። አሻ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። "ይኼ አልጋ አይደለም፣ ግመል ነው። ከሆድ ጀምር፣ ወደ ውጭ ሂድ" አለችኝ። ከመሐል ሲጀመር ጥጡ ወደ ዳር እየሸሸ ይስተካከላል።

እግሬም አስቸገረኝ። ለመጋረጃ የለመደ እግር ይሮጣል፣ የታመመ እጅ ደግሞ ይጎተታል፤ ያኔ ስፌቱ አንድ ቦታ ይጨናነቅና ከሥር ክሩ ተቋጥሮ እንደ ወፍ ጎጆ ይሆናል። እጄን ሳፈጥን ደግሞ ስፌቱ ተራርቆ መርፌ ይሰበራል። እግሬን ከደካማው እጄ ጋር ማስተካከል ከበሽታው ባልተናነሰ አደከመኝ። ቀላሉን ማዕበል የመሰለ መስመር ሳላበላሽ ለመሥራት ስንት ጨርቅ እንደፈታሁ አልነግራችሁም። ከማዕበሉ ወደ ክብ በክብ፣ ከክቡ ራሱን ሳያቋርጥ እየተጠማዘዘ ጨርቁን ወደሚሞላው ሐረግ፣ ከሐረጉ በመጨረሻ ወደ ቀርከሃው ቅጠል ተሻገርኩ። ቅጠሉ ከባድ የሚሆነው ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ እግርን ሳያቆሙ እጅን ለአፍታ አሳርፎ መመለስ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ማረፍን በዚያ በሽታ ምክንያት በደንብ ተምሬው ነበር።

ጥቂት ሠርቼ ብዙ እያረፍኩ፣ መዳፌን እየዘረጋሁ፣ ማታ ማታ እጄን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ቅባት እየቀባሁ ወራት አለፉ፤ ፕሬድኒሶሎኑም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሄደ፣ ፊቴም ወደ ፊትነቱ መመለስ ጀመረ። በየቀጠሮው ዶክተሩ ወረቀቷን ያስገባል፣ ይስባል። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ወጣች። ቆይታ እየተንገራገጨች ወጣች። አንድ ቀን ግን ሲስብ ተቀደደችና ግማሿ እጁ ላይ፣ ግማሿ በጣቶቼ መካከል ቀረች። ዶክተሩ ቁራጩን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርዴ ላይ ጻፈ። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ድካም አሁንም አላውቀውም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

የቀለበት ጣቴ ተዘረጋ፣ ስሜቱም ተመለሰ። ትንሿ ጣቴ ትንሽ እንደጎበጠች ቀረች፤ ስሜቷም አልተመለሰም። አይመለስም ተብያለሁ።

እናቴ ብዙ ከተለመነች በኋላ ተመርምራ ነጻ ሆነች። መድኃኒት የጀመረ ሰው ለሌላው እንደማያስተላልፍ ዶክተሩ ራሱ ነገራት። የዚያን ቀን ማታ ኩባያዬ ከሌሎቹ መሐል ተመለሰ። ስለ ኩባያው እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም። ጉብ ያለውን አልጋ ልብስ ልፈታው ስል ግን ከእጄ ነጥቃ "ተይው፣ እኔ እለብሰዋለሁ" አለችና ወሰደችው። ግመሉን ለብሳ ትተኛለች።

ምክር ከተባለ ይኸው። ነጣ ያለ ቆዳችሁን በጥጥ ንኩት፤ ካልተሰማችሁ ሎሚውን ጣሉና ሐኪም ቤት ሂዱ። በመሐል ቢብስባችሁም መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሲብስ ቶሎ ተመለሱ እንጂ አትደበቁ። የማይሰማ እጅ ራሱን አይጠብቅም፣ ስለዚህ ማታ ማታ በብርሃን እዩት። ሥራችሁን ከመተዋችሁ በፊት ሌላ አሠራር እንዳለው ጠይቁ። ድካሙን በተመለከተ ምክር የለኝም። እኔም አልወጣልኝም።

ዶክተሩን አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ስላልደበቀኝ። አሻን አመሰግናለሁ፤ ጨርቅ ስላስያዘችኝ። እናቴንም።

በቅርቡ ከመንጌ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ከሆስፒታሉ ወደ ቤቴ ተልካ መጣች፤ መድኃኒት ገና መጀመሯ ነው። በሩ ላይ ሰላም ልላት እጄን ስዘረጋ፣ ሊጥ እንደነካ ሰው እጇን አጥፋ አንጓዋን ሰጠችኝ። እጇ ንጹሕ ነበር። እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውን ሰላም ስል የኖርኩት እንደዚያው ነው፤ "እጄ ሳሙና ነው" እያልኩ። አንጓዋን አልፌ መዳፏን ያዝኩ። ልታወጣ ሞከረች፣ አጥብቄ ያዝኳት። ትንሿ ጣቴ ምንም አልነገረችኝም። የቀሩት አራቱ ግን የሷ እጅ ሞቃት መሆኑን ነገሩኝ።