ሽማግሌው ውሃውን ጠጣ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነው። ነጋሪዋ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ አስካለ ነበረች። አሜሪካ፣ ክላርክስተን ውስጥ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጇ ከዳዊት ጋር ትኖር ነበር፤ እናትና አባቴ ቅዳሜም ሥራ ስለሚገቡ እኔንና ታናሽ ወንድሜን የምትጠብቀን እሷ ናት። ያኔ ምድር ቤት አንዲት ህንዳዊት ጎረቤት ነበረችን። ሴትዮዋ ሰናፍጭና በርበሬ በዘይት ባቁላላች ቁጥር ጢሱ በመስኮት ሽቅብ ወጥቶ የእቴቴን የጢስ መጠቆሚያ ያስጮኸዋል፤ እቴቴም ወንበር ላይ ቆማ በፎጣ እያራገበች «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እሳት አደጋ ታስጠራብናለች» እያለች ታጉረመርማለች። ግን ይዋደዱ ነበር። አንድ ቀን የአገሯ ፊልም ያለበት ዲስክ ይዛላት መጣች።

እቴቴ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ስታይ ያደገች ናት፤ ቋንቋውን ሳትሰማ ፊልሙን መተረክ ትችልበታለች። ይሄኛው ደግሞ ጆሮዋ የለመደው ሂንዲ እንኳ አልነበረም፤ ቴሉጉ የሚሉት ሌላ የህንድ ቋንቋ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፍ ትርጉምም የለውም። ምን ገዷት። መጋረጃውን ትዘጋለች፣ መብራቱን ታጠፋለች፣ ቆሎ በሳህን ታቀርብልናለች፣ ከዚያ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቷ ላይ እየተወዛወዘ ትጀምራለች። «ይኸውላችሁ፣ ይሄ ባለ ሪዙ ሽማግሌ የአገሩ ትልቅ ሰው ነው። ይሄ ልጁ ነው። ልጁ ደግሞ የዚያን የጫማ ሰፊ ልጅ ወዷል፤ አያችኋት፣ ስታምር?»

ወንድሜ «ታዲያ ለምን አይጋቡም?» ሲላት ፊልሙን ታቆመዋለች። «እዚያ አገር ሰውን በዘር ይለያሉ» ትለናለች። «የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ከትልቅ ሰው ልጅ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ድንቁርና ነው። ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ አይደል?»

አንጀቷን የሚበላት የጫማ ሰፊው ነገር ነበር። ምስኪኑ ሰው ስለ ልጁ ሊለምን ትልቁ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ በሸክላ ዋንጫ ውሃ ይሰጡታል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ያን ዋንጫ በእንጨት ጫፍ አስነስቶ ድንጋይ ላይ ያስከሰክሰዋል። እቴቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ቴሌቪዥኑን «እጅህ ይሰበር» ትለውና በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። እኛም እናለቅሳለን።

መጨረሻው ላይ ዲስኩ ተጭሯል። ሽማግሌው ታሞ፣ ዱላ ተደግፎ፣ ልጅቷ ደጃፍ ቆሟል። እሷ ውሃ በዋንጫ አቀረበችለት፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። እዚያ ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። የቀረውን የምትጨርስልን እቴቴ ናት። «ጠጣው። ግጥም አድርጎ ጠጣው። ከዚያ ‹ልጄ፣ ይቅር በይኝ› ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ መረቃቸው፤ አገር ምድሩ ተጠርቶ ተዳሩ።» እኛም ይህን ሳንሰማ ወደ ቤታችን አንወርድም ነበር። መጨረሻውን ከህንዳዊቷ የሰማችው ይመስለኝ ነበር።

ዳዊት ያኔ ደንዉዲ በምትባል ቅርብ ከተማ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ሰላም የምትባል ነርስ ወደደ፤ በሕፃንነቷ መጥታ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። እቴቴም ወደደቻት ቢባል ያንሳል፤ እሷ ስትመጣ ትከሻዋን እየዳበሰች «ከየት አገኘሃት?» ትለዋለች። ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊላክ ተቆርጦ ነበር፤ አባቴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው።

በዚያ መካከል አንድ ቅዳሜ ሰላም ስጦታ ይዛ መጣች። እቴቴ ስትፈታው ክዳን ያለው፣ ሆዱ የተድቦለቦለ የሸክላ ድስት ነው።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ኮሌጅ ፖተሪ ክላስ ወስጄ ነበር» አለች። «ደሜ ውስጥ ነው መሰለኝ እማማ። አያቴ እኮ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ የእሳቸውም እናት። አገሩ ሁሉ ከእነሱ ነበር የሚገዛው። ላሳይዎት?» ስልኳን አውጥታ በእንስራዎች መካከል የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አሳየቻት። «በጣም ፕራውድ ነኝ።»

ሌላ አበሻ ቢሆን አፉን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሰላም ግን ይህ የሚደበቅ ነገር መሆኑን የነገራት ሰው የለም። እናቷም አባቷም አልነገሯትም፤ ምናልባት እዚህ አገር ከመጡ ወዲያ የሚያበቃ መስሏቸው ይሆናል።

እቴቴ ፎቶውን አየችና «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ሻይ ቀዳችላት። ፈገግ እንዳለች ነበረች፤ ብቻ ትከሻዋን አልዳበሰችም።

ዳዊት ሰላምን ወደ መኪናዋ ሊሸኝ ሲወርድ እቴቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሰላም የጠጣችበትን ብርጭቆ በሶፍት ያዘችው፤ በፌስታል ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። ማንኪያውንም ጨመረችው። ከዚያ ድስቱን አውጥታ ደረጃው ሥር አስቀመጠችና ተመልሳ እጇን በበረኪና ታጠበች። የማየውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አልቅሼበታለሁ።

«እቴቴ፣ እንደ ፊልሙ ሰውዬ» አልኳት።

«ምኑ?» አለች። የምሬን ነው፣ አልገባትም።

«ብርጭቆው።»

«ያ ፊልም ነው። አርፈሽ ተቀመጪ።»

ዳዊት ሲመለስ እኔና ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ሽማግሌ እንደማትልክ ነገረችው። እንዲህ ያለ ዘር ዓይኑ እንደሚበላ፣ ልጇን እያወቀች ለቡዳ እንደማትሰጥ፣ አጥንቷን ሳያጣራ ማንንም ቤቷ ማምጣት እንዳልነበረበት ድምጿን ሳታነሳ ተናገረች። ሳትጮህ መናገሯ ነው የባሰብኝ።

«እማዬ፣ አሜሪካ ነው እኮ ያለነው» አላት።

«አጥንት አሜሪካ ሲመጣ ይለወጣል?»

ዳዊት በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ወጣ። አባቴ በሽምግልናው ሄደ፤ ሰርጉም ተደረገ፤ እቴቴ ግን ታምሜያለሁ ብላ ቤቷ ዋለች። ድስቱን ህንዳዊቷ አንስታ የቅመም ቅጠል ተከለችበት፤ እቴቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እኔ ያን ፊልም ዳግመኛ ክፈቺልኝ አላልኳትም።

አሁን ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ቴሉጉ ከሚነገርበት ከሃይደራባድ የመጣች የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ባለፈው ምሳ እየበላን ስለ ሽማግሌውና ስለ ውሃው ሳጫውታት ገና ሳልጨርስ አወቀችው። እነሱ አገር ያላየው ቤት የለም አለችኝ። እሁድ ቤቷ ጠርታኝ አብረን አየነው፤ እሷ ቃል በቃል ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ በልቤ የእቴቴን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ብዙውን አልሳተችም። ደጃፉ ላይ ደረስን። ሽማግሌው ውሃውን ተቀበለ።

ከዚያም ደፋው። እግሯ ሥር አፈር ላይ ደፋው፤ ዋንጫውን ጥሎ ዱላውን ይዞ ዞረ። ልጅቷ ዋንጫውን አንስታ በሩን ዘጋች። አለቀ።

«ሌላ ክፍል የለውም?» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ የለውም። ለእቴቴ ማንም አልነገራትም ማለት ነው። መጠጣቱ፣ ይቅርታው፣ ግንባር መሳሙ ሁሉ ከራሷ የወጣ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ነገርኳት። አርጅታለች። «ደፋው?» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በገዛ ደጃፏ? ለዚያች ምስኪን? አይ የሰው ጭካኔ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን አየሁት፤ አንድ ነገር ብልጭ እስኪል ጠበቅኩ። ምንም የለም። ስልኳ ጮኸ፤ የዳዊት ልጅ ነው፤ መቼ እንደምትመጣ ይጠይቃታል። «ጉልበቴን እኮ ነው የኔ ጌታ፤ ይሻለኝና» አለችው። ከክላርክስተን ደንዉዲ እነ ዳዊት ቤት በመኪና ምንም አይደለም፤ እሷ ግን ያን ቤት ረግጣው አታውቅም።

እንባዋ የውሸት ነው ብል ይቀለኝ ነበር። የውሸት አይደለም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ትናንት እነ ዳዊት ቤት ነበርኩ፤ ልጁ ተረት ንገሪኝ ብሎ ጭኔ ላይ ወጣ። ስለ ሽማግሌውና ስለ ጫማ ሰፊው ልጅ ነገርኩት። ደጃፉ ላይ ስደርስ «ጠጣው» አልኩት፤ «ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ ‹ልጄ፣ ይቅር በይኝ› አላት።»

«ይሄን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አያትህ» አልኩት። ሰላም ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።