ለማንም የማያዳላ ቀለም

እርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር፣ ዛሬም ቢሆን፣ ልቤ ወደ እትዬ ሽታዬ ደጃፍ ይሄዳል። በርሜል ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ሲፈላ የሚወጣው ያ ጠረን ጎሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ለእኔ ግን የበዓል ዋዜማ ጠረን ነው። እኛና እርሷ በጎንደር ከተማ፣ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን እንኖር ነበር። ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አለፍ ያለበት ነው፤ ከተሜው ያለችውን ክፍል ሁሉ እየለሰነና እየቀባ የሚያከራይበት ጊዜ።

እትዬ ሽታዬ የወገራ ሰው ነበረች፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ። ወደ ጎንደር ያመጣት ባሏ ፋንታሁን የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። ደግ ሰው፤ ታሞ ሞተ። ትቶላት የሄደው ከጓሮ አንዲት መኖሪያ፣ ከፊት ደግሞ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ልጅ አልነበራቸውም።

የፋንታሁን ሙት ዓመት በወጣ ማግስት ታላቅ ወንድሟ አያ ዳኛው ጋቢውን አጣፍቶ ከፊቷ ተቀመጠ። ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ ነበር።

«በይ እንግዲህ ሽታዬ፣ ዕቃሽን ሸክፊ» አላት።

«ወዴት ልሄድ?»

«ወዳገርሽ ነዋ። ሴት ብቻዋን በከተማ ምን ትሠራለች?»

«የፊቱን ክፍል አከራይቼ እኖራለሁ፣ አያ።»

«ማን ይከራይልሻል?»

«ሰው ነዋ። ቤት የሚከራይ በሬ ነው እንዴ?»

ዘመድ ሁሉ ሳቀ፤ አያ ዳኛው ግን አልሳቀም። በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። እስከ ጥምቀት ተከራይ ከገባ ትኖራለች፤ ካልገባ ቤቱ ተሽጦ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ትመለሳለች። እትዬ ሽታዬ እሺ አለች። ወገራን ጠልታ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከተማውን ለምዳዋለች፤ የጠዋቱን የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ የማታውን የአጥር ላይ ወግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በገዛ ቤቷ «የት ነበርሽ?» የሚላት አለመኖሩን።

ችግሩ ክፍሉ አልነበረም፤ ቀለሙ ነበር። ፋንታሁን በሕይወት ሳለ ከየሥፍራው የተረፈ ቀለም እያመጣላት ራሷ ቀብታዋለች። ግድግዳው ውሃ ሰማያዊ፣ ግርጌው ቀይ፣ በሩ አረንጓዴ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ደግሞ ቢጫ አበባ። ለእርሷ የመስከረም ሜዳ ነበር፤ ሊከራይ የሚመጣው ግን ሌላ ያያል። አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ ገብቶ ቁጭ አለና ዙሪያውን ቃኘ።

«በይ አንድ ብርሌ አምጪልኝ፤ ደረቅ ያለውን» አላት።

«ጌታው፣ ይኸ እኮ የሚከራይ ቤት ነው።»

«ነው? ታዲያ ጠጁን የት ወሰዳችሁት?»

ከእርሱ ቀጥሎ የመጣ አንድ ደብተራ ደግሞ ከደጃፉ ቆሞ አማተበና፣ «ሥዕሉ ያላለቀ መቅደስ ይመስላል፤ እዚህ እግሬን ዘርግቼ ለመተኛት እፈራለሁ» ብሎ ሄደ።

እትዬ ሽታዬ ማሩን አስጠራች። ማሩ ሙያውን ከጣሊያኖች ጋር ሲሠራ የለመደ፣ ጋዜጣ አጥፎ ቆብ የሚያደርግ፣ ወሬ ወዳድ ቀለም ቀቢ ነበር።

«ለማንም የማያዳላ ቀለም ፈልግልኝ» አለችው።

«ነጭ ላድርገው?»

«ነጭማ ሐኪም ቤት ነው። ሰው ገና ሲገባ መርፌ ይታየዋል።»

«አረንጓዴስ?»

«ፖሊስ ጣቢያ ልታደርገው ነው? ተው።»

«እንግዲያው እንደ ዳኛ ያለ ቀለም ነው የምትፈልጊው፣ እትዬ።»

«ዳኛማ ያዳላል። ከዳኛ የተሻለ አምጣ።»

ማሩ ጥቂት አሰበና ኖራው ላይ የደቀቀ ከሰል ጨምሮ አማሰለው። አመድማ ሆነ። «ትልልቁ መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው፤ አይጮህም፣ አይስቅም» አላት። በሩንም ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ የማኪና ዘይት ቀባው፤ ጠቆረ። እትዬ ሽታዬ ከመንገዱ ማዶ ሆና አየችውና፣ «ሸጋ ነው፤ ምንም አይልም» አለች።

እርሷ ምንም አይልም ትበል እንጂ ቤቱ ብዙ ይል ነበር። ባገራችን ያዘነ ሰው ልብሱን ጥቁር ይነክራል፤ እናቶቻችንም አመድ ነስንሰው ያለቅሱ ነበር። ባሏን የቀበረች ሴት ቤት አመድ ለብሶ፣ በሩ ከሰል መስሎ ያየ ሰው ምን ይበል? ክፍሉን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። በኋላም «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ስለ ኪራይ ያነሣ የለም። ለቅዳሜ ገበያ የወረዱ የወገራ ሰዎችም በዚያው አለፉ። ቆመው አልጠየቁም፤ ወሬው ግን ከእነርሱ ጋር ዳገቱን ወጣ።

ጥምቀት በቀረበበት ሳምንት አንድ ጠዋት ከመንገዱ ዋይታ ሰማን። አያ ዳኛው በቅሎውን እየጎተተ፣ «እኅቴን፣ እኅቴን» እያለ ይመጣል፤ የወገራ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ይከተሉታል። እትዬ ሽታዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ የሽምብራ ቆሎ ትቆረጥም ነበር።

«ማን ሞቶ ነው፣ አያ?» ብላ ደንግጣ ተነሣች።

አያ ዳኛው ባለበት ቆመ። እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነበር። «አንቺ ነሻ» አላት።

«እኔ?»

«አዎ። እንዲያ ነው የነገሩን።»

«ታዲያ ለእኔ ለቅሶ በዚህ ዝግታ ነው የምትመጣው?»

ከሴቶቹ አንዷ በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ዳኛው በሩን በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱ ጠቆረ። «ምነው እንዲህ አደረግሽው? የሬሳ ሣጥን እንኳ እንዲህ አይቀባም» አለ።

ለቀስተኛ ባዶ እጁን አይመጣም። ዳቦውና ጠላው በአህያ ተጭኖ ነበር፤ ለለቅሶ የተጫነን ደግሞ ወደ ቤት መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ተበላ፤ ተጠጣ። ከዚያ ሴቶቹ ተያዩ። ዳቦና ጠላ አለ፣ የሚበዛ እጅ አለ፣ ያላማረ ግድግዳ አለ፤ ለቅሶው ደቦ ሆነ። ለምርጊት ማን እንደ እነርሱ? ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው አመዱን መፋቅ ጀመሩ። አንዷ ነጭ አፈር፣ ሌላዋ ቀይ አፈር እያለች ተከራከሩ።

አያ ዳኛው ጥግ ይዞ ታገሠ። ቤቱ ካማረ እኅቱን ይዞ እንደማይሄድ አላጣውም። ግን አላስቻለውም።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለ። «የጤፍ ጭድ አታውቁም? ዐውድማ ላይ ማንን አስቀይሞ ያውቃል? ሰውም ይቀመጥበታል፣ በሬም ይተኛበታል።»

«አያ፣ እየረዳኸኝ ነው እኮ» አለችው እትዬ ሽታዬ።

«አልረዳሁሽም። ስለ ጭድ ነው የተናገርኩት።»

ማሩም ዋይታውን ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ ለፒያሳ ሕንፃዎች ከበጠበጠው የተረፈ ቢጫ አፈር ነበረው፤ ኖራው ላይ አንድ እፍኝ ጣለበት። «ጨምር» አለ አያ ዳኛው። ጨመረ። «በቃ በቃ፤ እርድ ልታደርገው ነው» አለና ቡሩሹን ከእጁ ቀማው። ከዚያ በኋላ ያን ግድግዳ ከእርሱ እጅ ማስጣል የቻለ የለም። በሩንም በአሸዋና በሙቅ ውሃ ፈግፍጎ የእንጨቱን መልክ አወጣው።

በከተራ ዋዜማ፣ ግድግዳው ገና በቅጡ ሳይደርቅ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ጎልማሳ መጣ። ውድነህ ይባላል፤ ከደብረ ታቦር የተዛወረ የቴሌግራም ሠራተኛ ነው። እትዬ ሽታዬ ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈችው። ይኸ ሰው ከሄደ ሌላ የሚመጣበት ቀን አልቀረም። ሴቶቹም ከደጅ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ውድነህ መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋ። ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀ።

«አያፈስም» አለ አያ ዳኛው፤ ቀጥሎም «ቀለሙንስ እንዴት አየኸው?» አለው።

ውድነህ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። «የቱን ቀለም?» አለ።

ማሩ ሳቁን በቆቡ አፈነ። እትዬ ሽታዬ አላፈነችም።

«ቀለም የለውም ነው የምትለኝ? በገዛ እጄ ቀብቼው?» አለ አያ ዳኛው።

«ኧረ አያ፣ አይቆጡ። ቤት ይመስላል፤ ሌላ ምን ልበልዎ?»

ውድነህ ቦርሳውን ጥግ አስቀመጠ። ኮቱን አውልቆ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለ፤ እጅጌውንም አስተካከለለት። አያ ዳኛው የእንግዳ ስንብት ሊቀበል ቀና ብሎ ጠበቀ። ውድነህ ግን ሥራው ትዝ ብሎት ኖሮ፣ ከገዛ ቤቱ እንደሚወጣ ሰው፣ ቦርሳውንና ኮቱን እዚያው ትቶ፣ በመካከላችን አልፎ «ደኅና ዋሉ» እንኳ ሳይል ወጣ።