ሊፍት ውስጥ የቀረችው አህያ

ትናንት ከልጄ ቦርሳ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ የተላከ ምክር ነው፦ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ታብሌቱን አስቀምጡ፣ ለልጆቻችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ተረት ንገሯቸው ይላል። ደሜ ፈላ። ጨምድጄ ልጥለው ስል የእናቴ እጆች ትዝ አሉኝ።

በስደት የኖርንበት ሰፈር ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። እናቴ ከሆቴል ጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣኝ፣ ጣቶቿ በረኪና በረኪና እየሸተቱ፣ ሹሩባ እየሠራችኝ ከራሷ የፈጠረቻትን የአንዲት አህያ ተረት ትነግረኝ ነበር። አህያዋ እኛው ሕንፃ ውስጥ ቤት ተከራይታ፣ በረዶው በአራቱም እግሯ እያንሸራተታት፣ አውቶቡስ ውስጥ ጅራቷን የረገጠባትን ሁሉ ስትሳደብ ትውላለች። ስስቅ ሹሩባው ይጣመምና በማበጠሪያው ቸብ ታደርገኝ ነበር። አንድ ቀን አህያዋ ሊፍት ውስጥ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መሀል ተቀረቀረች። የቀረውን ነገ አለችኝ።

በነጋታው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዬ እናቴን አስጠራቻት። እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲገባት በቋንቋችሁ አታናግሯት፣ ይልቅ ቴሌቪዥን ክፈቱላት ብላ በአስተርጓሚ ነገረቻት። እናቴ ይህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀበለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ስገባ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ እሷ ሌላ ቋንቋ ስለሌላት አፏን ትዘጋለች፤ እራት መድረሱን እንኳ በእጇ ጠቅሳ ነበር የምትነግረኝ፣ ማማሰያው ድስቱን ነክቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንዳይረብሽብኝ ትጠነቀቅ ነበር፣ ያውም ለሳሙና ማስታወቂያ ስትል! እኔም የስድስት ዓመት ልጅ ነኝና ካርቱኑ ጣመኝ፣ ስለ አህያዋ መጠየቁንም ተውኩ። እንግሊዝኛው መጣ። አማርኛውን ግን ካደግሁ በኋላ እንደ ባዕድ ደብተር ይዤ ተማርኩት።

ያቺን አስተማሪ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። በእናቴም እናደዳለሁ፤ ምን ነበረበት አንድ ጊዜ እምቢ ብትል?

ዛሬ ልጄን ልትጠብቅልኝ ስትመጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና፣ "እማዬ፣ እስቲ ያቺ አህያ ከሊፍቱ እንዴት እንደወጣች ንገሪው" አልኳት። ልጄ ጉልበቷ ላይ ወጥቶ አፍ አፏን ያያት ጀመር። እናቴ ፈገግ አለች፤ ልትጀምር መስሎኝ እኔም ቁጭ አልኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ተይ ልጄ፣ ይቅርብኝ። ኢንግሊሹን አበላሽበታለሁ" አለችኝ።

ሪሞቱን አንስታም ራሷ ከፈተችለት።