የስታሪ ዶል ንባብ ቤት ኮምፒውተሮች

ዝድራቭካን የሚያውቋት ሁሉ «እሷ አንዴ ከያዘች አትለቅም» ይሏታል። በስታሪ ዶል ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽቦ ስትበይድ ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ እንደ ጓደኞቿ ወደ ጀርመን መሄድ አልፈለገችም፤ የስታሪ ዶል ንባብ ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። እዚያ ከመጻሕፍቱ ሌላ አሥራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጠበቋት። አቧራቸውን እየጠረገች፣ የተቃጠለ ዕቃቸውን እየለወጠች ስምንት ዓመት አቆየቻቸው።

አንድ ቀን በጥቅምት የከንቲባው ምክትል ኢስክራ ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«ዝድራቭካ፣ ነገሩ አልቋል» አለች ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ። «የእነዚህ ኮምፒውተሮች ሲስተም ከእንግዲህ አይታደስም፤ አዲሱን ደግሞ አይሸከሙትም። ከገና በፊት መኪና መጥቶ ይጭናቸዋል።»

«ጤነኛ ናቸው እኮ!»

«ጤነኛ ቢሆኑስ? ኮምፒውተር ያለ ሲስተም ምን ሊሠራ?»

«ሌላ እጭንባቸዋለሁ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው የሚሠሩት ሲስተም አለ፤ ማንም በነጻ ይወስደዋል። አሮጌ ኮምፒውተር አይንቅም።»

ኢስክራ በረጅሙ ተነፈሰች። ክፉ ሰው አልነበረችም። «እሺ፣ ሰዉ ከተቀበለው ይቀመጡ። ግን ፊርማ አምጪልኝ። አንቺ ብቻሽን የምትወጂው ነገር ለከተማው ምን ይረባዋል?»

ዝድራቭካ ሲስተሙን ከኢንተርኔት አውርዳ በፍላሽ ያዘችው። የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ እምቢ አላት። በሁለተኛው ቀን ተከፍቶ መልሶ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከሁሉ የባሰበት ማሽን ተነሥቶ በአገሯ ቋንቋ፣ በጥሩ ቡልጋርኛ «እንኳን ደህና መጡ» አላት።

በቅዳሜው አሥራ ስምንት ሰው ሰበሰበች። ስምንት ገጽ ጽፋ ነበርና ቆማ አነበበችላቸው፦ ስለ ሲስተሙ ውስጣዊ አሠራር፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ መቅዳትና ስለ ማሻሻል ነጻነት። የኋላው ረድፍ ማዛጋት ጀመረ። ንብ አናቢው ሽማግሌ፣ ባይ ፔንቾ፣ ከዘራቸውን አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ ነጻ አይብ ያለው የአይጥ ወጥመድ ውስጥ ብቻ ነው። ወጥመዱ የቱ ጋ ነው?»

«ወጥመድ የለውም፣ ባይ ፔንቾ!»

«አይጧም እንዲያ ብላ ነው የገባችው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዝድራቭካ ፊቷ ቀልቶ፣ «በሉ እንግዲህ በዓይናችሁ እዩ» ብላ አንድ ገጽ እንዲታተም አዘዘች። ፕሪንተሩ ዝም አለ። ቆይቶ አጉረመረመና ሰው የማያነበው ምልክት የሞላበት ወረቀት አከታትሎ ተፋ።

«ቻይንኛ ነው እንዴ የጫንሽበት?» አለ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ሩሲ።

ልጃቸው ስፔን የምትኖረው አሮጊት፣ ሌሊያ ዶችካ፣ ሲወጡ ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት። «አይዞሽ ልጄ። እኔ ግን የምፈልገው በሳምንት አንዴ ልጄን ማየት ብቻ ነው፤ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለእኔ አይሆንም።»

አንድም ሰው አልፈረመም።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ኀፍረቱ እስከ ጆሮዋ ድረስ ያቃጥላት ነበር። «ይጫኗቸው፣ ምን አገባኝ!» ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ግን ያንን ስምንት ገጽ ገልብጣ በጀርባው ላይ ሰዎቹ የጠየቁትን አንድ በአንድ ጻፈች። ስለ ውስጣዊ አሠራሩ የጠየቀ አልነበረም። ወጥመዱ የት ነው? ልጄን አያታለሁ ወይ? ፕሪንተሩ ይሠራል ወይ? የጠየቁት ይህንን ነው።

ሰኞ ጠዋት ለበጎ ፈቃደኞቹ የፕሪንተሩን ነገር ጻፈችላቸው። የመለሰላት ዛሃሪ የሚባል በቪዲን ከተማ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ነው። «ፕሪንተሮችን በትርፍ ጊዜዬ የማየው እኔ ነኝ» አላት። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ያንን ዓይነት ፕሪንተር አግኝቼው አላውቅም። እርስዎ ዓይን ይሁኑኝ፣ እኔ እጅ ልሁንዎት።» አራት ቀን እሱ ማስተካከያ እየላከ፣ እሷ እየሞከረች ያየችውን እየነገረችው ከረሙ። ዓርብ ዕለት ንጹሕ ገጽ ወጣ። «ይህ ማስተካከያ ያ ፕሪንተር ላለው ሰው ሁሉ ይደርሳል» ብሎ ጻፈላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በአሥራ ዘጠኝ የፋብሪካ ዓመት ውስጥ «ምን ታየሽ?» ብሎ የጠየቃት አለቃ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ዓይኗን ያዘው። መልእክት መዝጊያው ቁልፍ በስሕተት «ከሥራ አባርር» ተብሎ ተተርጉሟል። ከሥራ መባረርን የቀመሰች ናትና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ ከዚያ «ዝጋ» ብላ አርማ ላከችው። በጎ ፈቃደኞቹ በሁለት ሳምንት እርማቷን ተቀበሏት፤ ስሟም ከተርጓሚዎቹ ዝርዝር ገባ።

ሰዉን እንደገና የሰበሰበችው በየበሩ እየዞረች ነው። አንዳንዱ ለእሷ ሲል፣ አንዳንዱም ዳግመኛ ሊስቅ መጣ። ወረቀት አልያዘችም፤ ሁሉንም ኮምፒውተሮቹ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገራችሁ። ሩሲ፣ ያ እየመጣህ የምትጫወተው ቼዝ በአዲሱ ሲስተም አይነሣም፤ ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። ሁላችሁም የለመዳችሁትን ነገር ከለመዳችሁበት ቦታ ታጡታላችሁ፤ አንድ ሁለት ሳምንት ትረግሙኛላችሁ። ከዚያ ይለመዳል።»

«ወጥመዱንስ?» አሉ ባይ ፔንቾ።

«የላይ ሰፈርን ምንጭ ማን አነጸው?»

«እኛ ነና! እኔ ራሴ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ።»

«ስንት ከፈሉዎት?»

«ምን ይከፍሉኛል? ውሃ አጥተን እኮ ነበር!»

«የማያውቁት መንገደኛ ሲጠጣበትስ?»

«ይጠጣ! ምን ቸገረኝ?»

«ይሄም እንደዚያው ነው። የቸገራቸው ሰዎች ተባብረው ሠሩት፤ የመጣ ይጠጣል፣ የቻለ ድንጋይ ያቀብላል። እኔ አንዲት ቃል አቀብያለሁ።» ያረመችውን ቃል በጣቷ አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ጺማቸውን አሹ። «ቢበላሽ ማንን ልሳደብ?»

«መጀመሪያ እኔን። ካልበቃዎት አንድ የቪዲን የጥርስ ሐኪም አለልዎት።»

«የጥርስ ሐኪምማ ድሮም እሰድባለሁ!»

አሁንም ተሳቀ፤ በዚህኛው ግን እሷም አብራ ሳቀች። በዚያ መሐል የሌሊያ ዶችካ ልጅ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «እማዬ፣ ኮምፒውተር ለወጣችሁ እንዴ? ዛሬ ጥርት ብለሽ ታይተሽኛል!» አሮጊቷ ከልጃቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ብዕር ለመኑና ፈረሙ።

አሥራ አራት ሰው ፈረመ። ሩሲ «ያለ ቼዝ አልኖርም» ብሎ የራሱን ኮምፒውተር ገዛ፤ ሰላምታውን ግን አላቋረጠም። ኢስክራ ፊርማዎቹን ቆጥራ ደብዳቤዋን አጠፈችና «ሁለት ዓመት ሰጥቼሻለሁ፣ ከዚያ እናያለን» አለች። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ በእርግጥም ሞተው ነበር፤ ዕቃቸው ለሌሎቹ መጠገኛ ሆነ። ዘጠኙ ይሠራሉ።

ዝድራቭካ ዛሬ የሲስተሙን የእርዳታ ገጾች ወደ ቡልጋርኛ ትመልሳለች። አራት መቶ የሚያህል ዐረፍተ ነገር ቀርቷታል። በየጠዋቱ በሩን ከመክፈቷ በፊት አሥር አሥር ትሠራለች፤ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያታግላታል። ዛሃሪ በቀደም፣ «አይጨናነቁ፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» ብሎ ጽፎላት ነበር።

«ማን ሌላ?» ብላ መለሰችለትና ወደ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር አለፈች።