የሃጂ ዘይቱን

አረንጓዴው ዘይቱን ያስከፈለኝ ሁለት ባልዲ ዕቃ፣ አንድ የፍየል ታፋና አሶሳ ውስጥ የነበረኝን ምርጥ ደንበኛ ነው። ታፋው አልቆጨኝም።

ደንበኛዬ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። አብረዋት ለሚበሉት መምህራን ሁሉ የወር አስቤዛ የምትገዛው እሷ ነበረች፤ ዘይቱም፣ ፓስታውም፣ ሽንኩርቱም ከእኔ። ታዲያ ከሱቄ ፊት ለፊት ያሉት የበርታ ተወላጁ ነጋዴ፣ ሃጂ፣ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል ዘይቱን በባልዲ አስመጡ። ዘይቱን የሚሉት በጨው ውሃ የተነከረ የወይራ ፍሬ ነው። መምህርቷ ለመቅመስ ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ የእኔን አግዳሚ ወንበር ትታ እሳቸው በር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አያለሁ። ሃጂ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ሆኜ አሠራራቸውን አጠናሁ። ፍሬውን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ጠዋት ውሃውን ደፍተው ይመዝናሉ። ሚዛን ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ወዲያው ገባኝ፦ ውሃ እያጠጡ ኪሎ ያበዛሉ! እኔም ሁለት ባልዲ አስመጣሁ። መምህርቷን "የእኔን ዘይቱን ውሃ አልነካውም" ብዬ ለእሁድ ምሳ ጠራኋት።

ባለቤቴ ታፋውን በሽንኩርት አቁላልታ ዘይቱኑን እንዳለ ገለበጠችበት።

"ጨው ልጨምር?"

"አትሰስቺ፤ ሃጂ እንዳይበልጡን።"

መምህርቷ አንዴ ጎረሰች፣ ውሃ ጠጣች። ደግማ ጎረሰችና ጆጉን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ጋሼ፣ ሳትዘፈዝፉት ነው የሠራችሁት?"

"ምን ያስዘፈዝፈዋል? ሃጂ እንደሆነ ኪሎ ለማብዛት . . ."

"ኧረ ጋሼ! ጨው እንዲለቅ ነው እኮ። ሃጂ ለገዛ ሁሉ ይነግራሉ።"

"እሱ መች ገዝቶ!" አለች ባለቤቴ። "ከጆንያ ጀርባ እያየ ነው እንጂ።"

ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ። በእኔ ቤት፣ በእኔ ፍየል፣ በሃጂ ወሬ።

ሰኞ ሃጂ ራሳቸው ተሻግረው መጡ። "ወላሂ ጎረቤት፣ እኔ ጋ ውሃ ሞልቷል። ባልዲህን አምጣ፣ አብሮ ይዘፈዘፋል" አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

"የእኔን እንዲሁ የሚወዱ አሉ" አልኳቸው።

የሚወዱት ሰዎች እስካሁን አልመጡም። የመምህራኑ አስቤዛ ወደ ሃጂ ዞሯል። መምህርቷ እኔ ጋ የምትመጣው ለክብሪት ብቻ ነው።