ለታላቅ የሚወረወር ኳስ

አዲሱ አሰልጣኝ ቤታችን ለእራት እንደሚመጣ የሰማሁት ካልቨር ሲቲ፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ወንድሜ በስልክ የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ኮቹ ሐሙስ ቤት ይመጣል። አባዬ ጋበዘው። ፕሊስ አንቺ አስተርጉሚ።» ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው። እኔ ስብሰባ ላይ ራሴን አስተዋውቂ ስባል እንኳ ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ።

አባዬ እንግሊዝኛ አያጣም። ታክሲ ሲነዳ ከተሳፋሪው ጋር ስለ መንገዱም ስለ ምርጫውም ሲከራከር ይውላል። ቁም ነገር ሲመጣ ግን «የቁም ነገር እንግሊዝኛ የለኝም» ይልና እኔን ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ሐኪም ጋም፣ የወላጆች ስብሰባም፣ አከራያችን ጋም የእሱን ቃል ወደ እነሱ፣ የእነሱን ወደ እሱ ሳመላልስ ነው ያደግኩት። ሁለቱንም ወገን በመንገድ ላይ ትንሽ ትንሽ አለሰልሳለሁ። እስካሁን የተጣላ የለም።

የአሁኑ ቁም ነገር ወንድሜ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ኳርተርባክ ሆኖ ይጫወታል። ይህን ፌርፋክስ ላይ፣ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ሠፈራችን፣ ለማስረዳት ብዙ ደክመናል። ኳርተርባክ ማለት ኳሱ መጀመሪያ እጁ የሚገባ፣ ከዚያ እየሮጡ ከሚጠብቁት ጓደኞቹ ለየትኛው እንደሚወረውር የሚወስን ልጅ ነው። የሚወስነው ደግሞ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ልጆች ሊጥሉት እየተንደረደሩ ሲመጡበት ነው። እማዬ ከምትሠራበት የባልትና ሱቅ ደጃፍ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ፣ «ኳሱ በእጅ ከሆነ ታዲያ በረኛው ምን ሊሠራ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። በረኛ የለም ሲባሉ በጣም አዘኑ። በወጣትነታቸው ደሴ ውስጥ ለሠፈራቸው በረኛ ነበሩ።

በዚያ ዓመት ወንድሜ አልሆነለትም። ኳሱን ይይዛል፣ ያያል፣ አሁንም ይይዛል፣ ከዚያ ይጥሉታል። ከወረወረም ብዙ ጊዜ የሚቀልበው የሌላው ቡድን ልጅ ነው። የቀድሞው አሰልጣኝ ይጮህበት ነበር። ሲጮህበት ወንድሜ እንደተማረው ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ሰውየው ደግሞ «ሳናግርህ እየኝ!» እያለ ይብስበታል። በመሀል ያ አሰልጣኝ ሥራውን ለቀቀና አዲሱ መጣ።

ፌርፋክስ ላይ የሰውየው ነገር ከወንድሜ ይልቅ አነጋገረ።

«አሰልጣኝ ምን ያመጣል? ኳሱን የሚወረውረው እሱ አይደለ» አሉ ጋሼ።

«እንደሱ አይበሉ፣ ጋሼ» አለ አባዬ። «መኪናው ያው ሆኖ ሹፌር ሲቀየር አይተው የለም እንዴ?»

«አይቻለሁ። አንተ የነዳኸውን መኪና ሁሉ አይቻለሁ።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አባዬ ቤት መጥቶ ውሳኔውን ተናገረ። የፊታችን ዓርብ የመጨረሻው ነው። አዲሱ ሰው ልጁን ካላቃናው፣ ወንድሜ የቡድኑን ልብስ መልሶ ደብተሩን ብቻ ይይዛል። «በየሳምንቱ ሰው ፊት ልጄን ሲጥሉት ቁጭ ብዬ አላይም። ወላሂ አላይም።» ቁጣ አልነበረም። አንጀቱ አልችል ብሎ ነው።

ወንድሜ በማግስቱ ከልምምድ ስወስደው መኪና ውስጥ ነው ያወራው። «ሶ፣ አባዬ ባይለኝም ዓርብ ካልሠራሁ ኮቹ ቤንች ላይ ያስቀምጠኛል። ሌላ ልጅ ሬዲ አለ።» ከዚያ በመስኮቱ እያየ፣ «ያለ ቲሙ እኮ ኮሪደር ላይ ማንም ሃይ አይለኝም» አለ። ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔም በዚያው ትምህርት ቤት ኮሪደር ግድግዳውን ይዤ ነው ያለፍኩት። እሱ ግን ግድግዳውን የለቀቀው በዚያ ኳስ ነው።

ሐሙስ አሰልጣኙ ከተባለበት ሰዓት ቀድሞ መጣ። አጠር ብሎ ትከሻው ሰፊ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። በር ላይ ጫማ ተደርድሮ ሲያይ ሳይነገረው የራሱን አወለቀ። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ «ይሄስ ሰው ያሳደገው ነው» አለችኝ። ጋሼም እንደ ኳስ አዋቂ ተጠርተው ከረባት አድርገው መጥተዋል።

ወሬው በኔ በኩል ተጀመረ።

«ልጅዎ በጣም ጨዋ ነው» አለ አሰልጣኙ። ተረጎምኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባዬ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ችግሩም ይህ ይመስለኛል» አለ አሰልጣኙ።

ለስለስ ያለ ቃል ፍለጋ ጀመርኩ።

«ምን አለ?» አለ አባዬ።

«ስለ ጨዋነቱ ገና እያሰበበት ነው» አልኩ።

ወንድሜ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ሰምቶ ሳቁን በሳል ሸፈነና ውኃ ሊያመጣ ወጣ። የእጅ መታጠቢያው ከሳሎናችን አይርቅም፤ እንግዳ ካለ ግን አባዬ በማንቆርቆሪያ ካልታጠበ ምግቡ አይጣፍጠውም። ደንባችን ቀላል ነው። ከታላቅ ይጀመራል፣ ወደ ታናሽ ይወረዳል፣ የሚያስታጥበው ሁሌ ትንሹ ነው። ያን ዕለት ግን ደንቡ ከራሱ ጋር ተጣላ። ጋሼ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ አሰልጣኙ ደግሞ እንግዳ ነው።

ወንድሜ ወደ ጋሼ ሄደ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «እንግዳ ተቀምጦ?»

ወደ አሰልጣኙ ዞረ። አሰልጣኙ የሚደረገው ባይገባውም የጋሼን ሽበት አየና በትሕትና ወደ እሳቸው አመለከተ። ወንድሜ ግማሽ እርምጃ ወደ ጋሼ ሄደ፣ ግማሽ እርምጃ ተመለሰ። ማንቆርቆሪያው ዘንበል እንዳለ ቀርቶ ውኃው ምንጣፉ ላይ ይፈስ ጀመር።

«ኧረ ምንጣፉ!» አለች እማዬ።

«ጋሼ፣ እጅህን ስጠኝ በቃ፣ ፕሊስ» አለ ወንድሜ።

«‹እጅህን›? አንቱ በል እንጂ አንተ!» አለ አባዬ።

አሰልጣኙ ከመቀመጫው ብድግ አለ። መነጽሩን አደረገና የወንድሜን ፊት በጣቱ አመለከተ። «ይሄ ፊት! ዓርብ ዓርብ ሜዳ ላይ የማየው ይህን ፊት ነው። አሁን ምን እያሰበ ነው? ጠይቂልኝ።»

መጠየቅ አላስፈለገም። «ማን እንደሚቀድም» አለ ወንድሜ፣ ወለሉን እያየ።

አሰልጣኙ ለስለስ ብሎ ጠየቀው። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚወረውረው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ረጅም ልጅ ነው። ሌሎች ተቀባዮች ብቻቸውን ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙ እንኳ አያያቸውም። ለምን?

ወንድሜ ጆሮው ቀላ። «ሲኒየር ነዋ፤ ታላቄ ነው» አለ።

ተቀጣሪ አስተርጓሚ ብሆን ኖሮ ያኔ ሥራዬን እለቅ ነበር፤ ሳቄ መጥቶብኛል። ቡድኑን ሙሉ እኮ በዕድሜ ቅደም ተከተል እያስታጠበው ነበር! ተጋጣሚዎች ሁሉ ይህን ስለደረሱበት ያንን ረጅም ልጅ ሁለት ሦስት ሆነው ይጠብቁታል። ወንድሜ ደግሞ ታላቁ እስኪለቀቅ ኳሱን ይዞ ይቆማል። ይጥሉታል።

ነገሩን ለአባዬ ስነግረው ያልጠበቅኩት ሆነ። ደስ አለው። «ታዲያ ለማን ይወርውር? ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ? እኔ ያሳደግኩት እንዲህ አድርጌ ነው።»

«ልክ ነህ፤ ኳስም ቢሆን ሥርዓት ይፈልጋል» አሉ ጋሼ።

ወንድሜን አየሁት። ማንቆርቆሪያውን አቅፎ ቆሟል፤ አባዬን ያያል፣ አሰልጣኙን ያያል። አሰልጣኙ ቢያዘውም አባቱ ካልፈቀደለት ክንዱ እንደማይታዘዝለት ገባኝ።

«ማንም ያልያዘውን ልጅ ፈልጎ ይወርውርለት። ሌላ ነገር አልፈልግም። ንገሪልኝ» አለኝ አሰልጣኙ።

እንዲሁ ብተረጉመው አባዬ ‹ታላቅ አታክብር› የተባለ እንደሚመስለው አውቃለሁ። ስለዚህ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። «ሜዳ ላይ ዕድሜ የሚቆጠረው በሌላ ነው ይላል። እዚያ ታላቅ የሚባለው ማንም ያልያዘው ልጅ ነው። ኳሱ ለእሱ ካልተሰጠ ታላቅን መናቅ ነው ይላል።»

አባዬ አሰልጣኙን በአዲስ ዓይን አየው። «እንዲህ አለ?»

«እንደዚህ ነው ያለው» አልኩ። አሰልጣኙም በትክክለኛው ሰዓት ራሱን ነቀነቀ።

«ሰውየው አዋቂ ነው» አሉ ጋሼ፤ ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ። «በል አፍስስ፤ እኔን ማንም አልያዘኝም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባባሉ ፌርፋክስን ዳር እስከ ዳር አዳርሶ ነበር። ባልትና ሱቁ ውስጥ አንዲት ደንበኛ በርበሬ እያስመዘነች «ያ አሰልጣኝ እንዳለው» ብላ ለእማዬ ስትነግራት እማዬ እንደ አዲስ ሰምታ ተደነቀችላት።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ መብራት ስለሌለው ጨዋታው ዓርብ ከሰዓት ነው። አባዬ ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ጀለቢያውን እንደለበሰ መጣ፤ ጋሼ ለፀሐዩ ዣንጥላ ይዘዋል። እኔ ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ፓርክ ለማድረግ ሠፈሩን ዞሬ ዞሬ፣ እየሮጥኩ ደረስኩ። ሦስታችንም ከፍ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

አጀማመሩ ያው እንደ ድሮው ነበር። ወንድሜ ኳሱን ያዘ፣ የራስ ቁሩ ወደ ረጅሙ ልጅ ዞረ፣ እዚያው ቀረ። ጣሉት። ቀጥሎ ወረወረ፤ ለረጅሙ ልጅ። ሦስት ሰው ተረባርቦበት ኳሷ ለተጋጣሚ ሆነች። አባዬ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተነፈሰ። «ከዚህ በላይ ምን ልይ» አለ። ለመነሣት ያሰበ መሰለኝ።

አሰልጣኙ ወንድሜን ወደ መስመሩ ዳር ጠራው። ሬዲ ነው የተባለው ልጅ ከኋላው የራስ ቁሩን አድርጎ ቆሟል፤ ሊገባ ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም። አሰልጣኙ ግን አልጮኸም፤ ቀና በልም አላለውም። ራሱ ጎንበስ አለና ወንድሜ ወደሚያይበት መሬት እያየ አንድ ነገር ነገረው። ሁለቱም ለአንድ አፍታ ሣሩን አዩ። ከዚያ ወንድሜን መልሶ ላከው።

ኳሱ እጁ ገባ። የራስ ቁሩ ወደ ረጅሙ ልጅ ዞረ። ቁም ሣጥኖቹ እየመጡ ነው። «ያ ረቢ» አለ አባዬ። ከዚያ የራስ ቁሩ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ የመሰለኝ፣ ወደ ሌላው ወገን ዞረ። በቀኝ በኩል ማልያው ጉልበቱ የሚደርስ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻውን እየሮጠ ነው። ወንድሜ ወረወረ። ኳሷ ቀና ብላ ሄዳ ልጁ ደረት ላይ አረፈች። ልጁ ራሱ ደንግጦ መሮጡን ሊረሳ ነበር።

«ለማን ነው የሰጠው?» አለ አባዬ ክንዴን ይዞ።

«ለትንሹ፣ ለዘጠነኛ ክፍሉ።»

«ማንም አልያዘውም ነበር?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ታላቁ እሱ ነበር» አለና ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔም ቆምኩ። የወንድሜን ስም ጮኼ ጠራሁ፤ ከፊታችን የተቀመጡ ሴቶች ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ። ጋሼ በዣንጥላቸው ደረጃውን እየደበደቡ፣ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም፣ «ጎል! ጎል!» ይላሉ። ማንም አላረማቸውም።

ከዚያ በኋላ ኳሱ ግራም ቀኝም ሄደ። አንዳንዴ አመለጠ፤ ሁለት ጊዜም ወንድሜን ጣሉት፤ ግን ኳሱን ይዞ ፈዞ አልነበረም። በመጨረሻ በጥቂት ነጥብ ተሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ የቡድኑ ልጆች እየሮጡ መጥተው ወንድሜን አቀፉት።

«ተሸንፈን አይደለም እንዴ?» አለ አባዬ።

«ተሸንፈናል።»

«ታዲያ ለምን ያቅፉታል? ሕዝቡ አይገባኝም።»

ወደ ሜዳው ወረድን። አሰልጣኙ ሲያየን እየመጣ፣ በሚቀጥለው ዓርብም ኳርተርባኩ ወንድሜ እንደሆነ ነገረኝ። ይህኛውን ሳላለሰልስ ተረጎምኩት። አባዬ ግን ልጁ የቡድኑን ልብስ ይመልስ አይመልስ ገና አልተናገረም። ወንድሜ የራስ ቁሩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል።

ያን ጊዜ ረጅሙ ልጅ መጣ። አባዬ ፊቱ ተለወጠ፤ ታላቅየው ኳስ ስለተነፈገ ሊከፋው ይችላል ብሎ ይቅርታ ለመጠየቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ግን ማልያውን ገለጠና ጎኑን አሳየን። በልዞ በልዞ የበሰለ አጋም መስሏል። «ብሮ፣ አመሰግናለሁ» አለው ወንድሜን። «እኔ ላይ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎ እያየህ በየጊዜው ለእኔ ትወረውራለህ። ምን በድዬው ነው ብዬ እናቴን ጠይቄያለሁ።»

ተረጎምኩ። አባዬ ለመቆጣት ፈለገ፣ አልቻለም፤ ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ትከሻውን አንቀጠቀጠው። ጋሼም ሲነገራቸው ዣንጥላቸውን ተደግፈው ሳቁ። «አክብሮት ነው እኮ የመታህ፣ ልጄ» አሉት በአማርኛ። ልጁም የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀላቸው።

አባዬ ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገና ወንድሜን ሳይሆን ረጅሙን ልጅ፣ በራሱ እንግሊዝኛ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ የት እንደሆነ ጠየቀው።

«ግሌንዴል» አለ ልጁ።

አባዬ ትንሽ አሰበ። መንገዱን በልቡ የሚነዳ ይመስል ነበር። «ዓርብ ከሰዓት ግሌንዴል ትራፊኩ አይጣል ነው» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ። «ከቢሮ በጊዜ ውጪ። ጋሼን እኔ አመጣለሁ።»